በከንፈራቸው የሚይዟት ሽቦ

ጋሽ ክፍሌ ማረፋቸውን የሰማሁት በትምህርት ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ከፈተና ጥበቃው ፕሮግራም በታች፣ አንዱ መምህር ልሽጠው ብሎ ከለጠፈው ፍሪጅ በላይ፣ «የቀድሞ ባልደረባችን መምህር ክፍሌ በትውልድ አገራቸው ጎረቤላ አርፈው ሥርዓተ ቀብራቸው ተፈጽሟል» ይላል። ከሥሩ የሚያለቅሱ ፊቶች ተደርድረዋል። እኔም አንድ የሚያለቅስ ፊት ጨመርኩና ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ በዱላዬ ተደግፌ ተነሣሁና በሩን ከፍቼ ግቢያቸውን አየሁ። ግቢው የእሳቸው መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ አሁን የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ተከራይተውት፣ ድሮ መኪና የሚሠሩበት ቦታ ላይ ጥቅል ጎመን ተክለውበታል።

ያን ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ለቀብር አልደረስኩም። ለሰው ሁሉ የነገርኩት ይህንን ነው። እውነቱን ለመናገር መንገዱ ክፍት ቢሆንም የምሄድ አይመስለኝም። ጋሽ ክፍሌን በሕይወት እያሉ እፈራቸው ነበር፤ ሲሞቱ ይብሱን ፈራኋቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሊፈራ የማይገባው መሆኑን የሚያውቃቸው ሁሉ ይመሰክራል።

ደብረ ብርሃን ውስጥ እኔ ኬሚስትሪ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። ከዚያም በላይ ጎረቤቴ ነበሩ፤ አንድ አጥር ነው የሚለየን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ውርጭ ሣሩን ነጭ ባደረገበት ጠዋት እንኳ ጃኬታቸውን ለብሰው ሳይሆን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው የሚሄዱ ሰው ናቸው። «ጃኬቱ እንዳይበርደው ነው የያዝኩት» ይላሉ ሲጠየቁ። ቅጽል ስም ያላወጡለት ሰው አልነበረም። ዳይሬክተራችንን «ደወሉ»፣ እኔን «አሲዷ» ይሉን ነበር። ስለ አንኮበር ገደል ሲያስተምሩ ጥቁር ሰሌዳውን ከግድግዳው ላይ አውርደው ዘንበል ያደርጉትና፣ «እዚህ አፋፉ ላይ ቆማችሁ ብታስነጥሱ፣ ቆላ ያለው ሰው ነው ‹ይማርህ› የሚላችሁ» ብለው ክፍሉን በሳቅ ያፈርሱታል። ልጆቹ ያችን ከፍታ አይረሷትም። ፈተና ላይም በትክክል ይጽፏታል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ናቸው። የቱታ ሱሪያቸውን ታጥቀው፣ የድሮ ካርቶን ዘርግተው፣ የአንዱን መምህር አሮጌ መኪና በክሪክ አንሥተው ከሥሯ ይገባሉ። መካኒክ አልነበሩም። የራሳቸውን መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ የለመዱት ነው። ሞተር ነካክተው አያውቁም። «ሞተር ሲበላሽ ትቆማለህ። መሪ ሲበላሽ ነው የማትቆመው» ይሉና መሪ ብቻ ይሠራሉ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። መሪውን ስናዞር የፊት ጎማዎቹ የሚታዘዙት በሁለት ዘንጎች አማካይነት ነው፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። ዘንጎቹ ጫፍና ጫፋቸው ላይ እንደ ሰው ቁርጭምጭሚት የምትዞር ኳስ አላቸው። ኳሷ በዕድሜ ስትበላ መሪው እጅ ላይ ይላላል፣ መኪናዋም መንገዱን እንደ ሰካራም ትለካለች። ጋሽ ክፍሌ የተነሣውን ጎማ ግራና ቀኝ በእጃቸው ይዘው ይነቀንቁና ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው፣ «ታወራለች» ይላሉ። ካወራች ትለወጣለች። አሮጌው ዘንግ ዝጎ እምቢ ሲላቸው ፊት ለፊት አይመቱትም። ኳሷ የተቀረቀረችበትን ክንድ ጎኑን በመዶሻ ኳ ኳ ያደርጉታል፣ ኳሷ ድንገት ራሷ ትወድቃለች። «ግትር ሰው ፊቱን አይመታም፣ ጎኑን ነው» ብለው ቀና ብለው ያዩኛል። እኔን መሆኑ ይገባኛል።

መጨረሻ ላይ ሲባጎ ይመጣል። ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ድረስ በሁለቱም ጎን ሲባጎ ወጥሮ፣ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው መቆማቸውን በዓይን መለካት የእሳቸው ዘዴ ነው። አንዱን ጫፍ የሚይዘው የመኪናው ባለቤት ነው፤ እጁ ከተንቀጠቀጠ ይሰደባል። «ሁለት ጎማ ሁለት ሐሳብ ካለው ጉዞ የለም» ይላሉ ሲባጎውን እየጠቀለሉ። ከዚያ ብቻቸውን እስከ በሬሳ ድልድይ ነድተው ሳይመለሱ መኪናዋን ለባለቤቷ አያስረክቡም።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን እስከ ዛሬ የማትለቀኝ ኮፒሊያ የሚሏት ትንሽ ሽቦ ናት። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ በመንገድ ንቅናቄ በራሱ እንዳይፈታ፣ በቀዳዳው ታልፋ ጫፏ የሚታጠፍ ሽቦ ናት። ለአንድ መኪና አራት ትሆናለች። ጋሽ ክፍሌ ኪሳቸው ውስጥ አይከቷትም፣ መሬትም ላይ አያስቀምጧትም። አራቱንም ከንፈራቸው መካከል ይደረድሯቸዋል። ልብስ ሰፊ መርፌ እንደሚይዝ። አራቱም ቦታ ቦታቸው እስኪገቡ ድረስ ታዲያ ቢጠሯቸው አይመልሱም፣ ቢያስቋቸው አይስቁም፤ ቅንድባቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ እንጂ። የመጨረሻዋ ገብታ አፋቸው ባዶ ሲሆን ነው ከሥር፣ «በሉ እንግዲህ፣ ሐሜቱን አምጡት» የሚሉት። ለዚህ ነው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋሽ ክፍሌ ከመኪና ሥር ሲናገሩ ከሰማ ሥራው አልቋል ብሎ የሚያምነው። «ትልቁን ነገር ማንም አይረሳውም፤ የምትረሳዋ ትንሿ ናት» ይሉ ነበር። «ለዚህ ነው አፌ ላይ የምይዛት። እየቆረቆረችኝ እንዴት እረሳታለሁ? ደግሞ ዝም አይነቅዝም።»

እኔ አባቴ የተዉልኝ ከእኔ ዕድሜ የምትበልጥ ሰማያዊ መኪና ነበረችኝ። መሪዋ ላልቶ ስለነበር አንድ ቅዳሜ ጋሽ ክፍሌ ሁለቱንም ዘንጎች ሊለውጡልኝ ከሥሯ ገቡ። በማግስቱ የጓደኛዬ ሠርግ አንኮበር አጠገብ፣ ጎረቤላ ስለነበረ ቸኩያለሁ። የቀኙ አለቀ። ወደ ግራ ዞሩ። እኔ ከኋላ ቁጢጥ ብዬ የተወሳሰበውን ሲባጎ እየፈታሁ ነበር። የሚታየኝ እግራቸው ብቻ ነው፤ የአንዱ ካልሲያቸው ተረከዝ ተቀድዷል። ሐሳቤ ሠርጉ ላይ ነው። ሥራው አለማለቁን፣ አፋቸው ላይ ሽቦ መኖሩን እያወቅኩ፣ ዝም ማለት አቃተኝና ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ለነገ ቀዩን ቀሚሴን ልልበስ ወይስ ነጩን?»

ትንሽ ጸጥ አሉ። ቅንድባቸውን ከፍ ዝቅ አድርገውልኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ፊታቸው አይታየኝም። «ጋሼ?» ብዬ ደገምኩ። ከዚያ ድምፃቸው ከሥር መጣ።

«ቀዩን ልበሺ። የአንኮበር ጭጋግ ውስጥ ነጭ ለብሰሽ ብትቆሚ ሙሽራውም አያይሽ።»

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። የሚስቁት ሥራው ስላለቀ ነው ብዬ ገመትኩና ሲባጎውን ወጠርኩ። እሳቸውም ወጥተው ካርቶኑን አራገፉ፣ በአንድ ዓይናቸው እያጮለቁ ጎማዎቹን ለኩ፣ እስከ በሬሳ ነድተው ተመለሱና ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «እንግዲህ ሙሽራዋን ራሷን ይዘሻት መምጣት ትችያለሽ» አሉኝ።

በማግስቱ ጎረቤላ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ጭጋጉ ከቆላ እየተግተለተለ ወጥቶ መንገዱን ዋጠው። ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው። ጠጠሩ ላይ አንድ መታጠፊያ ስዞር መሪው እጄ ላይ ባዶ ሆነ። አንዱ ጎማ ታዘዘኝ፣ ሌላው በራሱ መንገድ ሄደ። መኪናዋ ከመንገዱ ወርዳ፣ የእርከኑን ድንጋይ ዘልላ ገብስ ማሳ ውስጥ ተገለበጠች። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የገብሱን ርጥበትና የእግሬን ሕመም ነው። ሰዎች ድምፅ ሰምተው ወርደው ነበር፤ ጭጋጉ ውስጥ እየተጠራሩ ሲያልፉኝ ይሰማኛል፣ እኔ ግን የምጮህበት ትንፋሽ አልነበረኝም። በኋላ ያወጡኝ ገበሬ ሆስፒታል ድረስ መጥተው ሲጠይቁኝ፣ «እመቤቴ ናት ያተረፈችሽ። የገዛ እጃችን እንኳ አይታየንም ነበር። ያች ቀይ ነገር ባትታየን አልፈንሽ ነበር እኮ» አሉኝ። ቀዩን ቀሚሴን ማለታቸው ነው። ቀኝ ጉልበቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ አይታጠፍም።

ትራፊክ ፖሊሱ መኪናዋን አይቶ የግራው ዘንግ ከጎማው መለየቱን ጻፈ። ኮፒሊያዋ ቦታዋ ላይ አልነበረችም። በግጭቱ ተሰብራ ወድቃ ሊሆን ይችላል፣ ቀድሞም አልነበረች ይሆናል፣ ይህን ማወቅ አይቻልም አለ።

ጋሽ ክፍሌ ሆስፒታል የመጡ ቀን ወንበር ቢሰጣቸውም አልተቀመጡም። ጃኬታቸውን እንደ ልማዳቸው አንጠልጥለው አልጋዬ ግርጌ ቆሙ። በጄሶ የታሰረውን እግሬን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ መልሰው እግሬን አዩ።

«ሰብልዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። እውነቱን ትነግሪኛለሽ።»

«ይጠይቁኝ ጋሼ።»

«ሦስቷን ስከት ይታወቀኛል። አራተኛዋ ከንፈሬ ላይ እንደነበረች አውቃለሁ፣ እንዴት እንደሄደች ግን ይጠፋኛል። ሌሊቱን ሙሉ ባስብ፣ ባስብ…» ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «የግራውን ስሠራ አፌን ከፍቼ ነበር? ስናገር ሰማሽኝ?»

«አልተናገሩም ጋሼ» አልኩ። «እስኪጨርሱ ድረስ ዝም ብለው ነበር።»

አዝኜላቸው ነው ያልኩት። ይህ እውነት ነው፤ ያን ፊት ያየ ሰው ሌላ ነገር መናገር አይችልም ነበር። ግን እሱ ብቻ አይደለም። «አዎ፣ ተናግረዋል» ብላቸው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ማን አናገረኝ?» የሚል ነው። መናገር እንደሌለባቸው እያወቅኩ ያናገርኳቸው እኔ ነኝ፣ ያውም ለቀሚስ። ስለዚህ በአንድ ቃል ሁለታችንንም ነፃ ያወጣሁ መስሎኝ ዐረፍኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉት ነገር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው ፊቴ ይግላል። ከተማው ሁሉ አደነቀኝ። «እግሯን አጥታ እንኳ ‹የእሱ ጥፋት አይደለም› አለች፣ እንዴት ያለች ደግ ናት» ተባለልኝ። ምስጋናውን እየሰማሁ እኔም አመንኩት። ሌሊት እግሬ ሲጠዘጥዘኝ ግን ደግነቴ የት እንደሚሄድ አላውቅም። ጨለማውን እያየሁ፣ «ምናለ አፋቸውን ባይከፍቱ» እል ነበር። ጠዋት ደግሞ አጥሩ ላይ ሆነው «እንዴት አደርሽ ሰብልዬ?» ሲሉኝ ፈገግ ብዬ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላቸዋለሁ። ከእሳቸው ጋር ያለኝ ነገር ሁሉ እንዲህ ሆነ፤ በአፌ ነፃ አወጣቸዋለሁ፣ በልቤ እከሳቸዋለሁ።

እሳቸው ደግሞ የማያደርጉልኝ ነገር አልነበረም። ውሃ በጠፋ ቀን በሬ ላይ ጄሪካን ሞልቶ ይቆየኛል። የተማሪዎቼን ደብተር ተሸክመው ከትምህርት ቤት ያደርሱልኛል። ዱላዬ የግቢውን ድንጋይ ሲነካ የያዙትን ሁሉ ይተዋሉ፤ እንጨት እየፈለጡ ከሆነ መጥረቢያው አየር ላይ ይቆማል። መኪና መሥራት ተዉ። ባልደረቦቻችን መሪያቸው ላልቶ ሲመጡ «ዓይኔ ደክሟል» እያሉ መለሷቸው። ቀልዱም እየቀነሰ ሄደ። አንድ ቀን ከእኔ የለመኑኝ ነገር ቢኖር ግቢዬ ውስጥ ሸራ ለብሳ ከቆመችው መኪና ላይ የግራውን ዘንግ ነው፤ ተጣምሞ ነበር። «ምን ያደርግልዎታል?» ብላቸው፣ «ይኑረኝ» ብለው ወሰዱት።

ዘንጉን መልሼ ያየሁት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የነፍስ አባታቸው ቄስና የዕድራችን ሰብሳቢ ቆመዋል። ከኋላቸው ጋሽ ክፍሌ አጎንብሰዋል። በአገራችን ሰው የበደለውን ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ እግር ሥር ይወድቃል። እሳቸው የተሸከሙት ድንጋይ አልነበረም፤ የተጣመመው ዘንግ ነው። ሽበታቸው ላይ የዝገት ዱቄት ነበረበት።

ደንግጬ ዘለልኩ፤ ዘለልኩ ማለት ከቻልኩ። ጉልበታቸው መሬት ሳይነካ ዘንጉን ከማጅራታቸው ላይ ነጠቅኳቸው።

«ኧረ ጋሼ! ምን አድርገውኝ? ምን በድለውኝ?»

«ልጄ፣» አሉ ቄሱ ለስለስ ብለው፣ «በድሏል አልበደለም የሚለውን ለእግዚአብሔር ተዪውና ቃሉን ስጪው። ይቅር ለእግዚአብሔር በይው። ሌላ ምንም አይፈልግም።»

ያኔ ያልኩትን ሰፈሩ ለዓመት ሲያወራው ኖሯል። «አባቴ፣ ያልበደለኝን ሰው ይቅር ብል በዳይዋ እኔ እሆናለሁ» አልኳቸው። የዕድሩ ሰብሳቢ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቄሱ ግን ትኩር ብለው አዩኝ። ሰው ሲያሞግሰኝ እንጂ እንዲህ ሲያየኝ ስላልለመድኩ ዓይኔን ሰበርኩ።

ጋሽ ክፍሌ ቀና አሉ። «እና አልተናገርኩም?» አሉኝ።

«አልተናገሩም።»

ረጅም ጊዜ ተያየን። የማስታውሰው ያን አስተያየታቸውን ነው። የሚለምኑኝ መሰለኝ፤ «ተናግረዋል» እንድላቸው። ማወቃቸውን አወቅኩ። እኔ እንደማውቅም አውቀዋል። ቢሆንም አልሰጠኋቸውም። እጃቸውን ዘርግተው ዘንጉን ከእጄ ተቀበሉ፣ በክንዳቸው ካንጠለጠሉት ጃኬት ጋር አቀፉትና ሽማግሌዎቹን ተከትለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ከንፈራቸውን ገጥመው የሚኖሩ ሰው ሆኑ። ክፍል ያስተምራሉ፣ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ሌላ የለም። ያችን የጠፋች ሽቦ ዛሬም በከንፈራቸው የያዙ ይመስለኝ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ከሚስታቸው ከእትዬ ዘነበች ጋር ዕቃቸውን ጭነው ወደ ጎረቤላ፣ ወደ አባታቸው ይዞታ ተመለሱ። ስንሰነባበት ግንባሬን ሳሙኝ እንጂ አንድ ቃል አልተናገሩም። ተገላገልኩ ብዬ እንደነበር አልክድም።

አርባቸው ሲደርስ መንገዱ ተከፈተ። ሚኒባስ ተሳፍሬ ወረድኩ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ መንገድ አልሄድኩበትም ነበር። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ቁልቁል አየሁ፤ እርከኑ ተጠግኗል፣ ገብሱ ተዘርቶ አረንጓዴ ሆኗል።

ድንኳኑ ውስጥ የደብረ ብርሃን ሰዎች ሲያዩኝ ቦታ ለቀቁልኝ። «አሁንም ደግነቷ፣ በዚህ እግሯ መጣች» ሲባል ሰማሁ። እህሉ አልወረደልኝም። ሰው ሁሉ እስኪበተን ድረስ ጥግ ይዤ ቆየሁና እትዬ ዘነበችን ተከትዬ ወደ ቤት ገባሁ። ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ የጋሽ ክፍሌ ጃኬት ተሰቅሏል። ከሥሩ ግድግዳውን ተደግፎ ዘንጉ ቆሟል።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ቀሚሱ መጠየቄን፣ ሁለት ጊዜ መጥራቴን፣ ጋሽ ክፍሌ መልስ መስጠታቸውን፣ ሆስፒታል ውስጥ መዋሸቴን፣ ሽማግሌዎቹ ፊት መድገሜን። ሌሊት ሌሊት በልቤ እከሳቸው እንደነበርም ነገርኳቸው። እትዬ ዘነበች መደቡ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን እያጠፉና እየዘረጉ ሰሙኝ።

«እኔ እኮ ቆጣ እለው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «‹ንጹሕ ነህ ብላሃለች፣ ታዲያ ሌላ ምን ፈለግህ?› እለዋለሁ። ‹ዘነቡ፣ ንጹሕን ሰው ማን ይቅር ይለዋል?› ይለኛል። ምን ማለቱ እንደሆነ አይገባኝም ነበር።»

«እትዬ፣ አንድ ነገር ቀርቷል» አልኩ። «ያወጡኝ ሰዎች ጭጋጉ ውስጥ ያገኙኝ በቀዩ ቀሚስ ነው። እሳቸው ቀዩን ልበሺ ባይሉኝ ነጩን ነበር የምለብሰው።»

እጃቸው ነጠላው ላይ ቆመ። «ይህንን ነገርሽው?»

«እንዴት ልንገራቸው? ይህን ከነገርኳቸው መናገራቸውን ነገርኳቸው ማለት ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ያችው አፉ ናት የጣለችሽም ያነሣችሽም» አሉ። ወደ ጃኬቱ ዞሩ። «ይችን ቢሰማ እኮ…» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። እኔ ለማልቀስ እንኳ መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

ጋሽ ክፍሌ ዝም አይነቅዝም ይሉ ነበር። የእኔ ነቅዟል። ተነሥቼ ሄድኩና ዘንጉን ከግድግዳው ሥር አነሣሁት። ከጠበቅኩት በላይ ይከብዳል። ማጅራቴ ላይ አደረግኩት። ጉልበቴ ስለማይታጠፍ ሰው እንደሚንበረከከው መንበርከክ አልቻልኩም፤ በግራ ጉልበቴ ወድቄ ቀኙን ወደ ጎን እንደ ዱላ ዘረጋሁት። ግንባሬ የእትዬ ዘነበችን ጫማ ነካ።

«ምንም አልበደልሽም» እንዳይሉኝ ፈራሁ። የምፈራው እሱን ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ቶሎ አላነሡኝም። ዘንጉ አጥንቴ ላይ እስኪቀዘቅዘኝ፣ የተዘረጋው እግሬ እስኪንቀጠቀጥ ተዉኝ። ውጭ ድንኳን የሚያፈርሱ ሰዎች ገመድ ሲፈቱ ይሰማል።

«በድለሽዋል» አሉኝ በመጨረሻ። «አዎ፣ በድለሽዋል ሰብለ። እኔንም በድለሽኛል። ሲስቅ ያገባሁት ሰው አፉን እንደ ዘጋ ነው የቀበርኩት።»

«አዎ እትዬ» አልኩ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ፣ ከዚያም በሁለት እጃቸው ዘንጉን ከማጅራቴ ላይ አነሡልኝ።